«ትተውኝ ይሄዳሉ» የሚል ልብ

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጓደኛዬ ነው። ልጽፍ ስል ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። «ስሜን አትጥራ እንጂ ሌላውን እንደ ፈለግክ» ብሎኛል።

ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ዶርም ነበርን። ረመዷን ሲመጣ ለሱሑር እንቀሳቀሳለን፣ ኢፍጣሩን ከአንድ ሳህን እንበላለን። ቸርነቱ ለጉድ ነው፤ የቀረችውን የታክሲ ብር ለሰው ሰጥቶ በእግሩ የሚመለስ ልጅ ነበር። ስልኩን ሳታነሳለት ከቀረህ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ የረመዷን ሌሊት እሱ ከተማ ዘመድ ጋ ሄዶ ነበር። እኔ ከተራዊሕ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት 19 ያልተነሳ ጥሪ አገኘሁ። ከጥሪዎቹ በታች መልእክቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው «የት ነህ?» ይላል። ቀጥሎ «ምን አደረግኩህ?»። ከዚያ «ይቅርታ፣ ምንም ካደረግኩ ይቅርታ»። የመጨረሻው «ድሮም አውቄው ነበር፣ ሁላችሁም አንድ ናችሁ፣ ቁጥሬን አጥፋው» ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ሁለት ሰዓት አይሞላም።

እኔ ምን ብዬ መለስኩ? «አላህን ፍራ። ይሄ የኢማን ድክመት ነው።»

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር አልተነጋገርንም።

የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሳል። ሰው ራሱ ያልመረጠው፣ በልጅነቱ የተተከለበት እምነት ሌላውን እንዲያቆስል ሲገፋው ጥፋቱ የማን ነው? እኛስ እንዲህ ያለውን ሰው በምን ዓይን እንየው?

«እምነት» ስል እዚህ ጋ ዐቂዳን ማለቴ አይደለም። ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ሰዎችና ስለ ዓለም ገና ሳይጠየቅ፣ ሳያስበውም የያዘውን ፍርድ ነው የምለው። «እኔ የምወደድ አይደለሁም» የሚል ፍርድ። «ሰው ሁሉ ጊዜ ይጠብቅልሃል እንጂ ያጠቃሃል» የሚል ፍርድ። የያዘው ሰው አስተያየት መሆኑን አያውቅም። ለእሱ ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ ያለ ነገር ነው።

ይህን ጉዳይ በሰፊው ካነሱት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ተወልዶ በ2021 የሞተ፣ አንድ ምዕተ ዓመት የኖረ ሰው ነው። በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ የድብርት ሕሙማንን ሲያክም ከሐዘናቸው ሥር ብልጭ ብለው የሚያልፉ ሐሳቦች እንዳሉ አስተዋለ። ሐሳቦቹን ተከትሎ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ጥቂት ሥር የሰደዱ እምነቶች አገኘ። ብዙዎቹ «አቅም የለኝም» ወይም «አልወደድም» ወደሚሉት ይጠቃለሉ ነበር። በ1990 ከአርተር ፍሪማንና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ስብዕና መታወክ ወሰደው።

የስብዕና መታወክ ምንድን ነው? አንድ ሰሞን የሚመጣና የሚሄድ ሕመም ሳይሆን፣ ሰው ራሱን የሚያይበትና ከሌሎች ጋር የሚኖርበት መንገድ ራሱ ለረጅም ዓመት ተጣሞ ሲቆይ፣ በቤትም በሥራም በጓደኝነትም ደጋግሞ ሲታይ፣ ባለቤቱን ወይም በዙሪያው ያሉትን ሲያሠቃይ ነው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ «ዓመሉ ነው» ተብሎ ይታለፋል። «ዓመልህን በጉያህ፣ ስንቅህን በአህያህ» ይላሉ አበው። ችግሩ፣ እነዚህ ሰዎች በጉያቸው የያዙት ዓመል ብቻ ሳይሆን ፍም መሆኑ ነው።

ቤክ እንዳሳየው ለእያንዳንዱ ዓይነት መታወክ የራሱ የሆነ ዋና እምነት አለው። በሰው ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖረው «ብቻዬን አልችልም» ይላል። ከሰው የሚሸሸው «ቀርበው ካወቁኝ ይንቁኛል» ይላል። ተጠራጣሪው ሰውን ሁሉ አድብቶ እንደ ተቀመጠ ያያል። ሁሉን ነገር ፍጹም ካላደረገ ዕረፍት የሌለው «ስህተት ማለት ውድቀት ነው» ብሎ ያምናል (ይህን ዉዱእን ደጋግሞ ከሚያስደርገው የወስዋስ ሕመም ጋር አታምታቱት፤ ስማቸው ቢመሳሰልም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው)። ራሱን ከሁሉ በላይ ያደረገው ደግሞ «ደንቡ ለሌላው ነው፣ እኔ ልዩ ነኝ» ይላል። ምልክቱን ብቻ ስታዩ ሁሉም ግራ ያጋባል። እምነቱን ስታውቁ ግን ምልክቱ መልስ ሆኖ ይታያችኋል። በእርግጥ ሰው ሁሉ አድብቶ ቢሆን ኖሮ እናንተስ በር ቆልፋችሁ አትቀመጡም ነበር?

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። አምስት ዓመት ሲሆነው እናቱ «ለሁለት ዓመት ነው» ብላ ሳዑዲ ሄደች። የተመለሰችው እሱ አሥራ አራት ሲሞላው ነው። በመካከሉ አያቱ ቤት፣ ከዚያ አጎቱ ቤት፣ ከዚያ አክስቱ ቤት ኖረ። በተዛወረ ቁጥር «ትንሽ ቀን ነው» ይሉት ነበር። ልብሱ በፌስታል ነበር የሚቀመጠው። አክስቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቦታ ብትሰጠውም ከፌስታሉ አላወጣውም፤ ነገ ሲያዛውሩት እንዳይቸገር ነው። ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር።

እናቱን የሚወቅስ ካለ አንድ ነገር ይስማ። ያቺ ሴት የሄደችው ለእሱ ዳቦና ደብተር ነው፣ የሰው ቤት ስታጥብ ያለፈው ወጣትነቷ የእሱ ትምህርት ቤት ክፍያ ሆኗል። ደግሞ እናቱ የሄደችበት ሁሉ አይታመምም። አብሮት ያደገው የአጎቱ ልጅም እናቱ ዐረብ አገር ነበረች፣ እሱ ግን ዛሬ በሰላም ሚስት አግብቶ ይኖራል። ከባድ የልጅነት ታሪክ አንድ ነገር ነው፤ አብሮን የተወለደ ጠባይ፣ በዘር የሚመጣ ስሜት ቶሎ የመቀጣጠል ዝንባሌ ሌላ ነገር ነው። ሐኪሞችም እምነቱ ብቻውን በሽታውን ወለደው አይሉም። እምነቱ ምልክቱን ያባብሳል፣ ምልክቱም ተመልሶ እምነቱን ያጠነክራል።

እንዴት? የአምስት ዓመቱ ልጅ ከሚያየው ነገር አንድ ትርጉም ማውጣት ነበረበት። የቤት ኪራይ፣ የወር ደመወዝ፣ ቪዛ አያውቅም። የሚያውቀው ሰው እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ «ትተውኝ ይሄዳሉ፣ የምተው ዓይነት ነገር ነኝ» አለ። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ መጥፎ ግምት አይደለም። ክፋቱ ልጁ ሃያ ዓመት ሲሆነው ግምቱ አምስት ዓመቱ ላይ መቅረቱ ነው።

ቤክ ጋ የሠለጠነው ጄፍሪ ያንግ እንዲህ ያሉ ከልጅነት የሚመጡ ንድፎችን 18 አድርጎ ዘርዝሯቸዋል። መተው አንዱ ነው፣ «ጉድለት አለብኝ» የሚለው ሌላው ነው። ከዝርዝሩ በላይ የሚጠቅመኝ ግን ያንግ ሰው ከእምነቱ ጋር የሚኖርባቸውን ሦስት መንገዶች ማሳየቱ ነው። አንዱ እጅ መስጠት ነው፤ እተዋለሁ ብሎ የሚያምነው የሚተውትን ሰዎች እየመረጠ ይወዳል። ሁለተኛው መሸሽ ነው፤ ጓደኛ ካልያዝክ ማንም አይተውህም። ሦስተኛው መገልበጥ ነው፤ ሳትተወኝ ልተውህ፣ ሳትሰድበኝ ልስደብህ። ከውጭ ሲታዩ አንዱ ለማኝ፣ አንዱ ኩሩ፣ አንዱ ጨካኝ ይመስላሉ። ውስጣቸው ግን ያው ፌስታል የያዘው ልጅ ነው። ጓደኛዬ በዚያች ሌሊት በሁለት ሰዓት ውስጥ ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ተሻገረ።

የእሱ ሕመም ስም በኋላ «ቦርደርላይን» የሚባለው የስብዕና መታወክ ሆነ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ዘጠኝ ምልክቶች ይዘረዝርለታል፤ ቢያንስ አምስቱ ሊታዩ ይገባል። እተዋለሁ የሚል ፍርሃትና እንዳይተዉት መፍጨርጨር፣ ሰውን ዛሬ ሰማይ ሰቅሎ ነገ መሬት ላይ መጣል፣ ልክ የለሽ ቁጣ፣ ባዶነት፣ ራስን መጉዳት ይገኙበታል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ይህን አንብባችሁ የቀድሞ ፍቅረኛችሁን ወይም አማታችሁን በሽተኛ ብላችሁ እንዳትፈርጁ። ዘንድሮ ቲክቶክ ላይ ያልተስማማን ሰው ሁሉ «ናርሲስት» ሆኗል። ይህን የሚለየው ባለሙያ ነው፣ እሱም ተቻኩሎ አይደለም።

አሁን እምነቱ እንዴት ራሱን እንደሚያጸና ተመልከቱ። ሰው ስልክ አያነሳም። «ተወኝ» ይላል። 19 ጊዜ ይደውላል። የተደወለለት ሰው ይሰለቻል፣ ይቆጣል፣ ይርቃል። «ድሮም አውቄው ነበር!» ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ዳኛ። አብረውት የቆዩት ጓደኞች እንደ ማስረጃ አይቆጠሩም፤ «ገና አላወቁኝም» ይባላሉ። ለዚህ ነው ምክር የማይሠራው። «ማንም አይተውህም እኮ» ስትለው «ሊያጽናናኝ ነው» ይላል። ችሎቱ አስቀድሞ ተዘግቷል።

የሚያስፈራኝ ደግሞ ይህ እምነት መስጂድም አብሮን የሚገባ መሆኑ ነው። አንድ ጁሙዓ፣ አንድ ሚንበር፣ አንድ ኹጥባ። ኻጢቡ ስለ ቅጣት ሲናገር «የተተውኩ ነኝ» የሚለው ሰው «ይኸው ስለ እኔ ነው» ይላል። ስለ ራሕመት ሲናገር ደግሞ «ይሄ ለጎኔ ላለው ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። «እኔ ልዩ ነኝ» የሚለው በተቃራኒው ቅጣቱን ሁሉ ለጎረቤቱ ያከፋፍላል፣ ስለ ምሕረት የተነገረውን ለራሱ ያስቀራል፤ ሲወጣም «ኹጥባው ለእገሌ ጥሩ ትምህርት ነበር» ይላል። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ተመለሱ፣ ሁለቱም የሰሙት የየራሳቸውን ኹጥባ ነው።

ጓደኛዬ ለዓመታት ይህን ስሜት ተውበት ይመስለው ነበር። ሌሊት ተነሥቶ ያለቅሳል፣ «እኔ ቆሻሻ ነኝ» ይላል። እኛም ሰምተን «ማሻአላህ፣ ልቡ ለስላሳ ነው» እንል ነበር። አሁን ሳስበው ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። «ጥፋት ሠራሁ» የሚል ሰው የሚሄድበት በር አለው፤ ያጠፋውን ይተዋል፣ የበደለውን ይክሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። «እኔ ራሴ ጥፋት ነኝ» የሚል ሰው ግን ምኑን ይተዋል? ራሱን? እንዲህ ያለው ሐሳብ አንዳንዱን ወደ ሞት ይገፋዋል። (ጓደኛችሁ ስለ መሞት ካወራችሁ ለማግስቱ አትበሉ፤ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ።) በአላህ ላይ መልካም ግምት እንዲኖረን ስንማር ስለ አላህ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን «እኔን አይቀበለኝም» የሚለው ግምት የተቀዳው ከየት ነው? ጓደኛዬ የአጎቱን ቤት ደጃፍ ወስዶ ከአላህ በር ላይ ገጥሞት ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል፣ እሱና እኔ። እኔ በኋላ ሁሉን ነገር ካነበብኩ ወዲያ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄጄ «አንተ ምንም አላጠፋህም፣ በሽታው ነው» አልኩት። ተቆጣኝ። «የጻፈው ጣቴ ነው» አለኝ። «በሽታዬ ነው ካልክ እኔ የለሁም ማለት ነው። ከሌለሁ ደግሞ መዳን የሚችል ሰው የለም።» ልክ ነበር። እምነቱን አልመረጠም፣ በእሱ አይጠየቅም። ስድቡ ግን የደረሰው በእኔ ላይ ነው፣ ከእኔም በፊት በእህቱ ላይ። ማስረዳት ከተጠያቂነት አያወጣም። የሚለውጠው ከየት እንደምንጀምር ነው። ከሥሩ የማያውቀውን ነገር አምጣ ብሎ ሰውን መወንጀል ግፍ ነው፤ ሥሩን ካሳዩት በኋላ ደግሞ «ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው የተሠራሁት» ማለት የእሱ ጥፋት ይሆናል። ቢያንስ እኔ የማየው እንዲህ ነው።

ስለ ራሴም ልናገር። እኔ ያደግኩት ወንድ ልጅ ሲያለቅስ «ዝም በል» በሚባልበት ቤት ነው። «የሚለማመጥ ሰው ይናቃል» የሚል እምነት እኔም ውስጥ ተተክሏል፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። 19 ጥሪ ሳይ የታየኝ የተጨነቀ ሰው ሳይሆን የሚለማመጥ ሰው ነው። ናቅሁት። ንቀቴን ደግሞ የዲን ልብስ አልብሼ «የኢማን ድክመት» አልኩት። የእሱ እምነት ሐኪም ቤት ስም ተሰጠው፤ የእኔ አልተሰጠውም፣ ሰው ፊት ጨዋ ያስመስላልና።

ይድናል ወይ ለምትሉ፣ ከብዙዎች ግምት በላይ። አሜሪካ ውስጥ በሜሪ ዛናሪኒ የተመራ ጥናት 290 የቦርደርላይን ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትሏል። በአሥር ዓመት ውስጥ 93 ከመቶዎቹ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የበሽታው መለያ ደረጃ ላይ የማይደርሱ ሆነዋል። በሥራም በማኅበራዊ ኑሮም ጭምር በደንብ የቆሙት ግን ግማሽ ያህሉ ናቸው። ሁለቱንም ቁጥር ያዙ፤ አንዱን ብቻ የሚነግራችሁ ያታልላችኋል። በኔዘርላንድስ የያንግን ሕክምና የሞከሩት ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለሦስት ዓመት ነው። እኛ አገር ይህን የሚያገኘው ስንቱ ነው? ጓደኛዬ ያገኘው አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ ገንዘብ ሲኖረው በሳምንት አንዴ፣ ሲያጣ በወር አንዴ። ሩቅያም ተደርጎለታል፣ ዱዓውም አልተቋረጠም፣ ሦስቱ አልተጣሉም።

ባለሙያዋ እምነቱን በክርክር አልገጠመችውም። ፌስታሉን ስለያዘው ልጅ ደጋግማ ጠየቀችው፤ ያን ጊዜ ማን ምን ሊለው ይገባ እንደ ነበር። ቀጠሮ ስትሰርዝ ምክንያቱን ትነግረዋለች፣ ሲቆጣ አትሸሽም፣ አጓጉል ሲናገርም ዝም አትልም። የሰጠችው የቤት ሥራ ግን በጣም ቀላል ነበር። ሰው ስልክ ካላነሳ ሁለተኛ ከመደወሉ በፊት ሰውየው ያላነሳባቸውን ሦስት ሌሎች ምክንያቶች ወረቀት ላይ መጻፍ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ እንኳን አልመጣለትም። «ጠልቶኝ ነው፣ ጠልቶኝ ነው፣ ጠልቶኝ ነው» ብሎ ጽፎ እንደ ሄደ ነግሮኛል።

ይህ የቤት ሥራ አቡ ዘይድ አል-በልኺን ያስታውሰኛል። በ934 የሞተ፣ ዛሬ አፍጋኒስታን በምንለው አገር ከበልኽ አካባቢ የተነሣ ዓሊም ነው። ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፉ፣ ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ነፍሱ በተረጋጋች ጊዜ ጤናማ ሐሳቦችን አዘጋጅቶ ማቆየት እንዳለበት መክሯል። ስለ ስብዕና መታወክ አልጻፈም፣ እንዲያ አስመስለን አንናገር። ግን ማዕበሉ ከመጣ በኋላ ሐሳብ ፍለጋ መውጣት እንደማያዋጣ ከሺህ ዓመት በፊት ያውቅ ነበር።

ትናንት ኀሙስ ማታ ጓደኛዬ ደወለ። አላነሳሁም። ከዒሻ በኋላ ስልኬን ሳይ ያልተነሳ ጥሪ፣ አንድ። መልእክት የለም። መልሼ ደወልኩ።

«ቆየህ» አለኝ።

«ዉዱእ ላይ ነበርኩ፣ ከዚያ ሰገድን።»

«ገምቼ ነበር» አለ። ከዚያ ስለ ኳስ አወራን።